ክንፉ ሞጣ ነው

የሞጣው ነጋዴ አቶ ሐምዱ ከባሕር ዳር ያስመጡትን የልባሽ ጨርቅ ቦንዳ ሲፈቱ ከሕፃናት ካፖርቶች መካከል አንድ ካርቶን ተንከባልሎ ወጣ። ማዕዘኑ ከመጨፈለቁ በቀር ደኅና ነው፤ ተከፍቶም አያውቅም። ክዳኑ ላይ አራት ሞተር ያለው፣ ሆደ ሰፊ የጦር አውሮፕላን ተሥሏል። አቶ ሐምዱ ብድግ አድርገው ሲያናውጡት እንደ ሽምብራ ተንኳኳ።

ባለቤታቸው ዑሙሰልማ ከሱቁ ጓዳ ብቅ አሉ።

"ምንድን ነው እሱ?"

"እንጃ፤ አውሮፕላን ነው መሰለኝ።"

"አውሮፕላን? በካርቶን?"

ሲከፍቱት በላስቲክ ከረጢቶች የታሸጉ፣ የጣት አንጓ የሚያካክሉ የፕላስቲክ ጡቦች ሞልተውታል። አብዛኞቹ አመድማና አረንጓዴ ናቸው፤ ጥቂት ቀይም አለበት። እያንዳንዱ ጡብ ከላዩ ጉጥ ጉጥ አለው፤ ከሥሩ ደግሞ የሌላው ጉጥ የሚገባበት ክፍተት። አቶ ሐምዱ ሁለቱን አደራርበው ጫን ቢሏቸው "ቀጭ!" ብለው ተያያዙ። አላቀቋቸው፤ መልሰው ገጠሟቸው። ፊታቸው ላይ ዑሙሰልማ ከስንት ዘመን ወዲህ ያላዩት ፈገግታ መጣ። ከከረጢቶቹ ሥር ደግሞ ቀጭን መጽሐፍ አገኙ። አንድም ፊደል የለውም፤ ሥዕል ብቻ ነው፤ ይህን ጡብ ከዚያ ላይ፣ ያንን ከዚህ ጎን እያለ በቀስት የሚያሳይ።

"ቦምብ ጣይ ነው" አሉ ክዳኑን ወደ ብርሃን አዙረው። "ያኔ በላያችን የመጣው ወገን።"

"እንግዲያው እሳት ውስጥ ክተተው!"

"ኧረ ተይ! ገብረ ኪዳን ሳያየው?"

ይህን ስም ሲሰሙ ዑሙሰልማ ክርክሩ ማለቁን ስላወቁ ወደ ጓዳቸው ተመለሱ።

ገብረ ኪዳን ማለት የቢቸናው የቅኔ መምህር መሪጌታ ገብረ ኪዳን ናቸው። ሁለቱ ሽማግሎች የተዋወቁት በጣሊያን ጊዜ፣ ገና ልጆች ሳሉ፣ የእህል ጉድጓድ ውስጥ ነው። የገበያ ቀን ነበር። ሐምዱ ከነጋዴው አባቱ ጋር አሞሌ በበቅሎ ጭኖ፣ ገብረ ኪዳን ከቄሱ አባቱ ጋር ለጧፍ የሚሆን ሰም ሊገዛ መጥቶ ሳለ፣ ከዓባይ በኩል ጉምጉምታ ተሰማ። ገበያተኛው ሰማዩን አይቶ በየአቅጣጫው ሲበተን፣ የማይተዋወቁት ሁለት ልጆች አፉ የተከፈተ ጉድጓድ ውስጥ ተያይዘው ወደቁ። ቦምቡ ሰዉን ስቶ ከበቅሎዎቹ መሐል ወደቀ። የሐምዱ አባት ከዚያ ቀን ወዲህ እስኪሞቱ ድረስ ያነክሱ ነበር። ልጆቹ ግን አንዱ በአላህ ሌላው በጊዮርጊስ እየተማጸኑ፣ ተቃቅፈው ቆይተው ሲወጡ ወዳጆች ሆነው ወጡ።

ወዳጅነታቸው ያለ ክርክር አልዋለም። ያ አውሮፕላን ስንት ሞተር ነበረው? አቶ ሐምዱ "ሁለት" ይላሉ፤ መሪጌታ "ሦስት"። "አንተ ፊትህን አፈር ውስጥ ቀብረህ ምኑን አየኸው?" አቶ ሐምዱ ሲሏቸው፣ መሪጌታ "አንተስ በእኔ ራስ ላይ ተቀምጠህ አልነበር?" ብለው ይመልሳሉ። በተገናኙ ቁጥር ይኸው ነው።

መሪጌታ በየዓመቱ ሚያዝያ ሃያ ሦስት ለሞጣ ጊዮርጊስ ይመጣሉ፤ የሚያርፉትም ከአቶ ሐምዱ ቤት ነው። ዑሙሰልማ ለርሳቸው የሚሆን ድስትና ሰሐን ለብቻ አላቸው፤ ዶሮውንም ክርስቲያን ጎረቤታቸውን ጠርተው ያሳርዳሉ። ደርግ ሥልጣን ከያዘ ዐሥር ዓመት ሊሞላው በተቃረበበት በዚያ ዓመትም፣ መሪጌታ ታቦቱን ሸኝተው፣ ነጠላቸውን እንዳጣፉ ሲገቡ ካርቶኑ መደብ ላይ ተቀምጦ ጠበቃቸው።

ቆመው አዩት። ጣታቸውን በሥዕሉ ሞተሮች ላይ አንድ በአንድ አሳለፉ።

"ይኸኛው አራት ነው" አሉ።

"የእኛው ሁለት ነበር" አሉ አቶ ሐምዱ።

"ሦስት!"

"ሊጀመር ነው" አሉ ዑሙሰልማ፤ ሁለት ሰፌድ አመጡና ጡቦቹን ዘረገፏቸው። ምስር እንደሚለቅሙ ሆነው አመድማውን ለብቻ፣ አረንጓዴውን ለብቻ ለዩት።

ሁለቱ ሽማግሎች ሰሌን ላይ ተቀመጡ። መጀመሪያ ላይ መሪጌታ ጡቡን በሩቁ እንደ ጋለ ብረት ነበር የሚይዙት። አንዱ ገጥሞ "ቀጭ!" ሲል ግን ደንገጥ አሉና ሳቁ።

"ሐምዱ፣ ይህ ነገር እኮ ቃል ነው። ቦታው ካልሆነ አይገባም፤ ቦታው ሲሆን ራሱ ይጣራል።"

"ቃሉን ተወውና ያንን ባለ ስምንት ጉጥ አቀብለኝ።"

ምሳው ቀረበ፤ ቀዘቀዘ። ጠያቂ መጣ፤ አውሮፕላኑ እንዳይረገጥ ከደጅ ተመለሰ። መሪጌታ የበዓሉን ወሬ የሚነግሯቸው ሰዎች ቢጠሯቸው "አሁን እመጣለሁ" እያሉ አልተነሡም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አንድ ክንድ የሚያህል የሆዱ ወለል ተዘርግቶ፣ የነጂዎቹ ወንበር ሳይቀር ተሰክቶ ነበር።

በማግስቱ ግን መሪጌታ ወደ ተማሪዎቻቸው መመለስ ነበረባቸው።

"ካርቶኑን ይዤው ልሂድና ጨርሼ ላምጣልህ" አሉ።

"በሕይወቴ አይሆንም!"

"እንግዲያው አንተም እስክመጣ እንዳትነካው።"

"እንዴት ነው የማልነካው? ከቤቴ ተቀምጦ?"

አውቶቡሱ ጥሩምባውን ይነፋል፣ ሁለቱ ካርቶኑን ግራና ቀኝ ይዘው ይጓተታሉ። ነገሩን የቆረጡት ዑሙሰልማ ናቸው።

"አሁን ይበቃል! መሪጌታ፣ እርስዎ ገላውን ይዘው ይሂዱ፤ ቢቸና ይጨርሱት። ክንፉንና ጅራቱን እኛ እዚህ እንሠራለን። ስትገናኙ ትገጥሙታላችሁ።"

መጽሐፉን ከስፌቱ ላይ ለሁለት ከፈሉት። ጡቦቹንም በሥዕሉ እያዩ፣ ሾፌሩ እየተቆጣ፣ በጥድፊያ ተካፈሉ። መሪጌታ ቢቸና ሲደርሱ ነጠላቸው ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ ከባለቤታቸው አልደበቁም፤ በሩን ሳይዘጉ ነበር ያወጡት። ባለቤታቸው ወለተ ኢየሱስ አይተው፣ "የጊዮርጊስ በረከት ይኸ ነው?" ብለው ጠየቁ። መሪጌታም "ከበረከቱ ነው" አሉ።

ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ቅኔ ያስነግራሉ፤ ተማሪዎቹ ቀለባቸውን ፍለጋ ሲሰማሩ ደግሞ እርሳቸው ጎጇቸው ደጃፍ ላይ ተቀምጠው የአውሮፕላኑን ጎን ያቆማሉ፣ ጣራውን ይደፍናሉ። አንዳንዱ ጡብ ሥዕሉ ላይ አለ፤ ከረጢታቸው ውስጥ የለም። በጥድፊያ የተካፈሉት ተዛንቆባቸዋል። ስለዚህ ወደ ስልክ ቤት መውረድ ጀመሩ።

የቢቸና ስልክ ቤት በሩ የማይዘጋ አንድ የመነጋገሪያ ሳጥን ነበረው። መስመሩ ስለሚያጉረመርም መጮኽ ግድ ነው፤ የመሪጌታ ድምፅ ደግሞ በማሕሌት የተገራ ነው። ኦፕሬተሯ ሰብለ ወንጌል ሞጣን ካገናኘቻቸው በኋላ የጆሮ ማዳመጫውን ከጆሮዋ ራቅ አድርጋ ትይዘዋለች። አንድ ቀን ወረፋ የሚጠብቀው ሰው አግዳሚውን ሞልቶት ሳለ እንዲህ ሲሉ ተሰሙ፦

"ሐምዱ! ግራ ክንፉ እንዴት ሆነ?"

"ግራው አልቋል! የቀረው ቀኙ ነው!" የሐምዱ ድምፅ ከሳጥኑ አልፎ ይሰማል።

"እኔ ዘንድ ሆዱ ተሟልቷል! ቦምቦቹ ግን የሉም!"

"ቦምቦቹ እዚህ ናቸው! በስሕተት ከእኔ ቀርተዋል! ሐሙስ በአውቶቡስ እልካቸዋለሁ!"

"በምን ጠቅልለህ?"

"በሻሽ!"

"አደራህን እንዳይጠፉ! በሩ እኮ ግሩም ሆኖ ይከፈታል! ወደታች ነው የሚጥላቸው!"

መሪጌታ ላባቸውን እየጠረጉ ሲወጡ አግዳሚው ላይ የተቀመጠው ሰው ሁሉ እግሩን ያያል። ሰብለ ወንጌል ወደ ጆሯቸው ጠጋ አለች።

"የኔታ፣ ስለ እግዚአብሔር፣ እንዲህ ያለ ነገር በስልክ…"

"ምን ያለ ነገር?"

"ስለ ቦምብ።"

"አትስጊ ልጄ፣ ትናንሽ ናቸው" አሏትና ሄዱ።

ዘመኑ ሰው በተናገረው ብቻ ሳይሆን ሌላው በሰማውም የሚጠየቅበት ነበር። ወሬው ሳይውል ሳያድር ጓድ ፋንታ ዘንድ ደረሰ። ጓድ ፋንታ የአካባቢው ካድሬ ነው። ሠላሳዎቹን ያጋመሰ፣ ካኪ ለባሽ፣ ፈገግታ የማያበዛ ሰው። በልጅነቱ ወደ አስኳላ ከመግባቱ በፊት ከመሪጌታ ዘንድ ቅኔ ቆጥሯል፤ ግን አልሆነለትም ነበር። መምህሩ ቅኔ በነገሩ ቁጥር ፋንታ ሰሙን ቶሎ ያገኛል፤ ወርቁ ሁልጊዜ ያመልጠዋል። አንድ ቀን የኔታ "ፋንታ፣ ማሩን ትተህ ሰሙን የምትልስ አንተ ብቻ ነህ" ብለውት ተማሪው ሁሉ ስቆበታል። ያንን ቃል አልረሳውም።

የሐሙሱ አውቶቡስ ቦምቦቹን ባመጣ ማግስት፣ ከሰዓት በኋላ፣ ብቻውን መጣ። ኮፍያውን አውልቆ፣ እንደ ቀድሞው ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ።

"እንደምን ዋሉ የኔታ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን። ፋንታ ነህ? ወፍረሃል።"

"የኔታ፣ በስልክ ስለ አውሮፕላን ያወራሉ አሉ።"

"አዎ።"

"ስለ ቦምብም።"

"ስለ ቦምብም።"

ፋንታ ከፊታቸው ባለው ጉቶ ላይ ተቀመጠ። "ሰሙን ሰምቻለሁ። የመጣሁት ወርቁን እንዲነግሩኝ ነው።"

መሪጌታ አዩት። "ወርቅ የለውም ልጄ።"

"እርስዎ ወርቅ የሌለው ነገር ተናግረው ያውቃሉ? 'ዝናቡ መጣ' ሲሉን እንኳ ሌላ ነገር ማለትዎ ነበር። አሁን ግን እኔም ተምሬያለሁ።" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ግራ ክንፉ አልቋል ማለት፣ ግራ ዘመሞቹ፣ አብዮተኞቹ አልቀዋል ማለት ነው። የቀረው ቀኙ ነው ማለት፣ ከእንግዲህ ተራው የአድኃሪው የቀኝ ክንፍ ነው ማለት ነው። ሆዱ ተሟልቷል ሲሉ ደግሞ… እሱን እርስዎ ቢነግሩኝ ይሻላል።"

የመሪጌታ ዓይን ቀስ እያለ በራ። ፍርሃት መያዝ ሲገባቸው የያዛቸው ሌላ ነገር ነበር።

"ፋንታ! ይህን ያወጣኸው አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ።"

"ራስህ? ማንም ሳይነግርህ? ግራ ክንፍ… የቀረው ቀኙ… አቤት! አቤት!" ጉልበታቸውን መቱ። "እንዴት ያለ ኅብር ነው! ያኔ እንዲህ ብታወጣልኝ ኖሮ እኮ ዛሬ ይህን ጉባኤ የምትይዘው አንተ ነበርክ!"

ጓድ ፋንታ ሳያስበው ጆሮው ድረስ ቀላ። ወዲያው ራሱን ሰበሰበ።

"ስለዚህ ያምናሉ?"

"ምኑን? እኔ እንዲህ ያለ ነገር አላሰብኩም! አውሮፕላን ነው ያልኩት፣ አውሮፕላን ነው። ቆይ ላሳይህ።"

ከጎጇቸው ገብተው ይዘውት ወጡ። ጓድ ፋንታ በእጁ ተቀበለው። ረጅም፣ ሆደ ትልቅ፣ ሁሉ ነገሩ የተደፈነ፣ ጅራትም ክንፍም የሌለው ነገር ነው።

"ይኸ ጀልባ ነው" አለ።

"አውሮፕላን ነው።"

"ክንፉስ?"

"ክንፉ ሞጣ ነው።"

"ይኸው ደግሞ!" አለ ፋንታ ከጉቶው ብድግ ብሎ። "ይኸው ሌላ! የኔታ፣ ይህን ነገር ሞጣ ሄጄ በዓይኔ ካላየሁ አልለቅም። ይነሡ፣ አሁኑኑ እንሄዳለን።"

ላንድሮቨሩ ሲመጣ ተማሪዎቹ ተሰበሰቡ። ወለተ ኢየሱስ ነጠላቸው እየተጎተተ ወጡ፤ ባላቸው ከካድሬው ጎን ተቀምጠው፣ ያንን ነገር እንደ አራስ ልጅ ጠቅልለው ታቅፈውታል።

"ወዴት ነው የሚወስዷቸው?"

"ሞጣ ነው። እመለሳለሁ" አሉ መሪጌታ። ነገር ግን መኪናው ሲንቀሳቀስ የሚስታቸው ልቅሶ ተከተላቸው፤ ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈሩ። ወደዚያ መኪና ገብተው ያልተመለሱ ሰዎችን ያውቁ ነበር።

መንገዱ ኮረኮንች ነው፤ አቧራው በመስኮት ይገባል። የኔታ በየጉድጓዱ ላይ አውሮፕላኑን ከጉልበታቸው ከፍ ያደርጉታል። የሚነዳው ፋንታ ነው። ረጅም መንገድ ከሄዱ በኋላ ፊቱን ሳያዞር፦

"አሁንም ወርቁን ቢነግሩኝ አልረፈደም" አለ።

"ወርቅ ከፈለግህ ቅድም አልፈነዋል።"

"የት?"

"ደብረ ወርቅ።"

ጓድ ፋንታ ከንፈሩን ነከሰ። ትከሻው ግን በሳቅ አንዴ ተንቀጠቀጠ፤ መሪጌታም አዩት፤ ወንበራቸው ላይም ተደላደሉ።

ሞጣ ሲደርሱ ላንድሮቨሩ ከአቶ ሐምዱ ሱቅ ፊት ቆመ። መንገዱ ላይ የነበረው ሰው ሥራ እንዳለበት ሁሉ በየቤቱ ገባ። አቶ ሐምዱ ለአንዲት ገበያተኛ ሹራብ ዘርግተው ያሳዩ ነበር። ወዳጃቸው ከካድሬ ጋር ሲወርዱ አዩና ሹራቡ ከእጃቸው ወደቀ። ሴትየዋም ሳትሰናበት ወጣች።

"ጓድ" አሉ አቶ ሐምዱ ወደፊት መጥተው፤ "እሱ ምንም የሚያውቀው ነገር የለም። ካርቶኑ የእኔ ነው፤ ከእኔ ቦንዳ ነው የወጣው።"

"ውሸቱን ነው!" አሉ መሪጌታ። "እንሥራው ያልኩት እኔ ነኝ። ስልክ የደወልኩትም እኔ ነኝ።"

"አንተ ዝም በል!"

"አንተ ዝም በል! እኔ ነኝ!"

ጓድ ፋንታ አንዴ ይህን፣ አንዴ ያንን አየ። ሁለቱም ሽማግሎች አንዱ በሌላው ፊት ለመቆም ይጋፋሉ።

"እኔ የጠየቅሁት ሌላ ነው" አለ በቀስታ። "ክንፉ የት ነው?"

መልሱን ዑሙሰልማ አመጡት። ከጓዳ ሰፌድ ይዘው ወጡ፤ በላዩ ላይ ሁለት ረጃጅም ክንፎችና ጅራት ተጋድመዋል። በግራው ክንፍ ላይ ሁለት ሞተሮች ከነውልብልቢታቸው፤ በቀኙ ላይ አንድ። ፋንታ ውልብልቢቱን በጣቱ ነካ ቢያደርገው ዞረ። ከዚያ ሰፌዱ ላይ ጎንበስ ብሎ የጡቦቹን መጋጠሚያ አየ። ቀና ሲል ድምፁ የካድሬ ድምፅ አልነበረም።

"እውነትም አውሮፕላን ነው እንዴ?"

"ሦስት ጊዜ ነገርኩህ!" አሉ የኔታ።

"ግጠሙታ።"

ሰሌኑ ተነጠፈ። ገላው መሐል ተቀመጠ፤ አቶ ሐምዱ ግራ ክንፉን አስጠጉ፤ አልገባም። ገልብጠው ሞከሩ፤ አልገባም። ቀኙን ሞከሩ፤ እሱም እንደዚያው።

"ገብረ ኪዳን፣ የክንፉ መግቢያ የት ሄደ? ሥዕሉ ላይ ግራና ቀኝ ክፍት ነው እኮ!"

"ክፍቱን ደፍኜዋለሁ።"

"ለምን?"

"ብርድ ያስገባል ብዬ ነዋ! ጎኑ የተቀደደ አውሮፕላን አይቼ አላውቅም።"

"በምን ደፈንከው?"

"በተረፉኝ ጡቦች።"

"የተረፉህ!" አቶ ሐምዱ ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ። "የአራተኛው ሞተር ጡቦች ናቸው እኮ! ሳምንት ሙሉ ቤቱን ስገለብጥ፣ ዑሙሰልማን ጠርገሽ ጥለሻል እያልኩ ስጨቃጨቅ!"

"እኔን ነው የጨቀጨቅኸው" አሉ ዑሙሰልማ፤ "አሁን በሰው ፊት ተሰማ፤ ደግ ሆነ።"

"አንተም ቦምቦቼን አስቀርተህ ነበር!"

"ቦምቦቹንማ ልኬልሃለሁ!"

ካድሬው ከአጠገባቸው መኖሩን ፈጽመው ረሱት። እርሱ ግን ኮፍያውን አውልቆ መስኮቱ ላይ አስቀመጠ፤ እጅጌውን ሰበሰበ፤ ሰሌኑ ላይ በእንብርክኩ ሆኖ ገላውን ወደራሱ ሳበው።

"ፈቀቅ በሉልኝማ የኔታ። ጋሽ ሐምዱ፣ መጽሐፉን ይያዙልኝ።"

የተደፈነውን በጥፍሩ ይነቅል ጀመር። አንዱ ጡብ ሲወጣ ለአቶ ሐምዱ ያቀብላል፤ እርሳቸው ሞተሩ ላይ ይሰካሉ። ሁለቱን የመጽሐፍ ግማሾች መሪጌታ አገጣጥመው ከፊታቸው ዘርግተው "አሁን ባለ ሁለቱን፣ አሁን ጠፍጣፋውን" እያሉ ይመራሉ። ፋንታ ምላሱን በከንፈሩ ዳር አውጥቶ ይሠራል። አንድ ትንሽ ጡብ ተፈናጥሮ ጠፋ ቢባል ሦስቱም በሆዳቸው ተኝተው ከመደብ ሥር ፈለጉ፤ ዑሙሰልማ ከጓድ ፋንታ ጉልበት ላይ ተጣብቆ አገኙት።

በመጨረሻ ግራው ክንፍ ገባ፤ ቀጭ። ቀኙ ገባ፤ ቀጭ። ጅራቱም።

ቦምብ ጣዩ አራት ሞተሩን ዘርግቶ ሰሌኑን ሞላው። በሥዕል ከታየው ይልቅ ያምራል፤ ያስፈራልም። አቶ ሐምዱ ሁለት እጃቸውን ከሆዱ ሥር አስገብተው ቀስ ብለው አነሡት። ከደረታቸው፣ ከፊታቸው፣ ከራሳቸው በላይ ከፍ አደረጉትና ወደ ወዳጃቸው አዞሩት።

መሪጌታ ሳያስቡት ጎንበስ አሉ። ሁለት እጃቸው ራሳቸው ላይ ነበር።

አቶ ሐምዱ አውሮፕላኑን እንደያዙ ቆሙ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። መሪጌታ በጣቶቻቸው መሐል ወደላይ አዩ። ያ ሁሉ ሽብር፣ ያ ገበያውን የበተነ ነገር፣ አሁን በሐምዱ እጅ ላይ ነው፤ ሆዱንም ደጃቸው ተቀምጠው የሠሩት ራሳቸው ናቸው።

"ጉድጓድ ልፈልግ ነበር እኮ" አሉ።

አቶ ሐምዱን ሳቅ ፈነቀላቸው። መሪጌታም ሳቁ፤ መጀመሪያ በቀስታ፣ ከዚያ ጎናቸውን ይዘው። ዑሙሰልማ "ኧረ አውሮፕላኑን እንዳትጥለው!" እያሉ እርሳቸውም ይስቃሉ። ጓድ ፋንታም ግድግዳውን ተደግፎ፣ ዓይኑን በእጅጌው እየጠረገ ሳቀ። ሳቁ ወደ መንገድ ሲወጣ በየቤቱ የተደበቀው ጎረቤት አንድ በአንድ ብቅ አለ። ሰው ታሰረ ብለው የፈሩት ሴቶች ደጃፉን ሞሉት።

"በሩ ይከፈታል ብለው ነበር" አለ ፋንታ።

የኔታ ከጅራቱ ሥር ያለችውን ቁልፍ አሳዩት። ጫን ሲያደርጋት የሆዱ በር ተከፈተና ትናንሾቹ ቦምቦች ሰፌዱ ላይ ተንጣጡ። "እንደገና!" አለ ሳያውቀው። ዑሙሰልማ ግን ቦምቦቹን አፍሰው ጓዳ ከተቷቸው፤ ከመደርደሪያው ላይ የከረሜላውን ብልቃጥ አወረዱና የአውሮፕላኑን ሆድ ሞሉት።

"በእኔ ቤት ከላይ የሚወርደው እንዲህ ያለው ነው" አሉ። "በል፣ አንተ ረጅም ነህ፤ አብርረው።"

ጓድ ፋንታ ቦምብ ጣዩን ወደ ደጅ ይዞ ወጣ። በተሰበሰበው ሰው ራስ ላይ እያጉረመረመ አንዴ ዞረ፤ ከዚያ ቁልፏን ጫነ። ከረሜላው ሲበተን አንዲት አሮጊት ከሁሉ ቀድመው ቀሚሳቸውን ዘረጉ፤ ጎረምሳው ከባልቴት ጋር ተጋፋ፤ ደግሞ ይሙላ ተባለ፤ ብልቃጡ ባዶ እስኪቀር ዞረ።

ሊመለሱ ሲሉ፣ ዑሙሰልማ የመሪጌታን ድስት ጥደው እርሳቸውን ካበሉ በኋላ፣ አውሮፕላኑ ለጊዜው ሞጣ ይቆይ ተባለ፤ መንገዱ ይሰብረዋልና። መሪጌታ እያዘኑ ተስማሙ። መኪናው ውስጥ ፋንታ ሞተሩን ሳያስነሣ ወደ መሪጌታ ዞረ።

"የኔታ።"

"አቤት።"

"ያ ግራ ክንፍ ያልኩት… እውነት ደኅና ነበር? ወይስ ፈርተው ነው?"

"እጅግ ደኅና ነበር። ከልቤ ነው።" ከዚያ እጃቸውን ትከሻው ላይ ጣል አደረጉ። "ግን ልጄ፣ ለማንም አትንገር። ያንን ቅኔ ያወጣ ሰው ነው የሚታሰረው።"

ፋንታ አሰበበት። "እውነትዎን ነው" አለና መኪናውን አስነሣ። እስከ ቢቸና ድረስ በአፍንጫው ያዜም ነበር።

ሲደርሱ ከመሸ ቆይቷል። ደጃቸው ሰው በሰው ሆኗል፤ ተማሪዎቹ፣ ጎረቤቱ፣ ሰብለ ወንጌልም ከስልክ ቤት መጥታ ከወለተ ኢየሱስ ጎን ተቀምጣለች። መሪጌታ ከመኪናው በእግራቸው ሲወርዱ፣ ከዚያም ካድሬው ጎንበስ ብሎ እጅ ነሥቷቸው ሲሄድ፣ እልልታው ቀለጠ። ተማሪዎቹ ተሸከሟቸው። መሪጌታም እንደተሸከሟቸው የሆነውን ሁሉ ነገሩ፤ ስለ ብርዱ መግቢያ፣ ስለ ከረሜላው፣ ፋንታ በሆዱ ስለ መተኛቱ። ሰው ማመንም አለማመንም አቅቶት ሳቀ።

ወለተ ኢየሱስ አልሳቁም። ሰው ከተበተነ በኋላ እራት አቀረቡላቸውና ፊት ለፊታቸው ቆሙ።

"እኔ ስለቅስ እርስዎ ሲጫወቱ ዋሉ።"

"ምን ላድርግ? እንዲህ ይሆናል ብዬ መቼ አወቅሁ።"

"በደኅና ከተመለሱልኝ ጧፍ አስገባለሁ ብዬ ተስያለሁ።"

"መልካም አደረግሽ። ለየትኛው ታቦት?"

"ለሞጣ ጊዮርጊስ ነዋ! የወሰዱዎት ወደ ሞጣ አልነበር?"

መሪጌታ ጉርሻቸውን ዋጡ። ፊታቸውን ለማጨፍገግ ሞከሩ፤ ጢማቸው ግን ዳርና ዳር ከፍ እያለ አስቸገራቸው።

"ስለት ማዘግየት ኃጢአት ነው" አሉ። "ሐሙስ አውቶቡስ አለ። እኔው አደርስልሻለሁ።"

"ብቻዎን? ከእንግዲህ ብቻዎን ሞጣ አልሰድዎትም። እኔም እሄዳለሁ። ያለቀስኩበትን ነገር እኔም ልየው።"

ሐሙስ ዕለት ሁለቱም ተሳፈሩ። ወለተ ኢየሱስ ጧፉን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው ከጊዮርጊስ አደረሱና ወደ አቶ ሐምዱ ቤት ገቡ። ዑሙሰልማ አውሮፕላኑን አምጥተው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡላቸው። ወለተ ኢየሱስ ውልብልቢቶቹን በየተራ አዞሩ፤ በሩን ከፈቱ፣ ዘጉ። መሪጌታ እጃቸውን ዘርግተው "እስቲ ወዲህ በይው" ቢሏቸው፣ "ይቆዩ፣ ገና አላየሁትም" አሉ። አቶ ሐምዱም ቢለምኗቸው እንደዚያው። ሁለቱ ሽማግሎች ፊት ለፊት ተቀምጠው ተራቸውን ሲጠብቁ፣ ሁለቱ ሴቶች ጉልበት ለጉልበት ገጥመው፣ የጅራቱን ጡቦች አንድ በአንድ እየነቀሉ እንደገና ሊሠሩት ጀምረው ነበር።